የሽቦ ዛፍ፦ ከፍራንክፈርት እስከ ጣርማ በር

ጀርመኖች ከባትሪ ተነሥቶ በመኪና ገላ ውስጥ የሚሰራጨውን የሽቦ ጥቅል «ካቤልባውም» ይሉታል፤ የሽቦ ዛፍ ማለት ነው። ግንዱ በዳሽቦርዱ ሥር ይወፍራል። ቅርንጫፎቹ ወደ ፊት መብራት፣ ወደ ሞተሪኖ፣ ወደ ፍሬቻ፣ ወደ ክላክስ ይወጣሉ። ፈረንሳዮች ያንኑ ዕቃ ሲያዩ የታያቸው ነዶ ነው። እንግሊዞች ደግሞ ሁለት ስም ሰጥተውታል፤ አንዱ ጋሪ በሚጎትት ፈረስ ላይ ከሚታሰረው ጠፍር የመጣ ነው፣ ሌላው የሸማኔ መሣሪያ ስም ነው። አማርኛ እንዲህ ያለ ሥዕል የያዘ ስም አላወጣለትም፤ «የሽቦ ጥቅል» ወይም «ዝርጋታ» ብሎ ያልፈዋል። ስም ያላወጣለት ግን ስለማያውቀው አይደለም። አሮጌ የጭነት መኪና ዕድሜ ሙሉ በሚሠራበት አገር፣ ይህን ጥቅል ፈትቶ እንደገና የሠራ ሰው ቁጥሩ ጥቂት አይደለም። የጎደለው ጽሑፉ ነው።

ነገሩን ከፍራንክፈርት መጀመር ይሻላል፤ የኤሌክትሪክ ሽቦ በዓለም ፊት ታላቅ ፈተናውን ያለፈው እዚያ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1891 (ከዚህ በኋላ ሌላ ካልተባለ ዘመኑ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ከተማዋ ዓለም አቀፍ የኤሌክትሪክ ትርኢት አዘጋጀች። ቦታው ከሦስት ዓመት በፊት በተከፈተው ዋናው የባቡር ጣቢያና በማይን ወንዝ መካከል ነበር። አዘጋጁ መሐንዲስ ኦስካር ፎን ሚለር ሊያሳይ የፈለገው አንድ ነገር ነው፦ በሩቅ አገር ወንዝ የመነጨ ኃይል በሽቦ ተጉዞ ከተማ ማብራት ይችላል ወይስ አይችልም? ነሐሴ ወር ላይ 175 ኪሎ ሜትር ርቆ ከሚገኘው ከላውፈን፣ ከኔካር ወንዝ የተላከው ኃይል ፍራንክፈርት ደረሰና አንድ ሺህ አምፖሎች አበራ፤ ሰው ሠራሽ ፏፏቴም አንቀሳቀሰ። ሦስቱ የመዳብ ሽቦዎች ውፍረታቸው አራት ሚሊ ሜትር ብቻ ነበር። ከተላከው ኃይል ሦስት አራተኛው ያህል መድረሱ ሲለካ ክርክሩ አበቃ።

ምሥጢሩ ቮልቱ ነው። ኃይሉ የተላከው በ15,000 ቮልት ነበርና በሽቦው ውስጥ የሚሄደው የኤሌክትሪክ ፍሰት ትንሽ ሆነ፤ ፍሰቱ ትንሽ ሲሆን ቀጭን ሽቦ ይበቃል፣ በመንገድ የሚባክነውም ይቀንሳል። መኪና የዚህ ተቃራኒ ነው። ባትሪው 6፣ ወይም 12፣ ወይም በከባድ የናፍጣ መኪና ላይ 24 ቮልት ብቻ ስላለው ያንኑ ኃይል ለማግኘት ብዙ ፍሰት መጫን አለበት። 60 ዋት የሚወስድ አምፖል በ12 ቮልት አምስት አምፔር ይጠይቃል። አሥር ሜትር ርዝመት ባለው፣ አንድ ተኩል ካሬ ሚሊ ሜትር በሆነ የመዳብ ሽቦ ውስጥ ያ ፍሰት ሲያልፍ ከግማሽ ቮልት በላይ በመንገድ ይቀራል። ይህ ሽቦው አዲስ፣ መጋጠሚያው ንጹሕ ሲሆን ነው። መጋጠሚያው ዝጎ፣ ከሽቦው ክሮች ግማሹ ተበጥሶ ሲሆን ከቮልቱ አሥር በመቶው በቀላሉ ይጠፋል፤ አምፖሉ ደግሞ ቮልቱ በአሥር በመቶ ሲጎድልበት ብርሃኑን የሚቀንሰው በሠላሳ በመቶ ያህል ነው። «መብራቱ አለ ግን አያሳይም» የሚሉት ሾፌሮች የሚናገሩት ይህንኑ ነው። አምፖል ቢቀይሩለትም አይሻለውም፤ ሕመሙ ያለው ጥቅሉ ውስጥ ነው።

የመጀመሪያዎቹ መኪኖች ይህ ጣጣ አልነበረባቸውም። በ1900 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ለዳግማዊ ምኒልክ አዲስ አበባ የገባችው መኪና የወጣችበት ዘመን መብራት በዘይት ወይም በካርባይድ ጋዝ የሚነድበት፣ ሞተር በእጅ የሚዘወርበት ዘመን ነው። ሽቦ ማለት ከማኘቶ ወደ ካንዴላ የሚሄደው ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። ከዚያ በየጥቂት ዓመቱ አንድ ነገር እየተጨመረ ሄደ። የሽቱትጋርቱ ቦሽ በ1913 ዲናሞና የፊት መብራት አንድ ላይ አቀረበ፤ በ1921 ክላክስ፣ በ1926 የዝናብ መጥረጊያ፣ በ1928 የአቅጣጫ ማሳያ ተከተሉ። እያንዳንዱ የራሱን ሽቦ ይዞ መጣ። በዘፈቀደ የተንጠለጠሉት ሽቦዎች በዙና ማሰር ግድ ሆነ፤ ጥቅሉ የተወለደው በዚህ መንገድ ነው።

የዚያን ዘመን ጥቅል የፈታ ሰው መጀመሪያ የሚገርመው ጥጥ ማየቱ ነው። መዳቡ በጎማ ይለበሳል፤ በጎማው ላይ የተጎነጎነ የጥጥ ክር ይደረባል፤ ክሩ ቀለም ይነከርና ቫርኒሽ ይቀባል። ቀለሙ የሽቦውን ሥራ የሚናገረው እሱ ነው። ጎማው ግን ዕድሜ የለውም። ሙቀት ያደርቀዋል፣ ዘይት ያሟሟዋል፤ ከጊዜ በኋላ ሲታጠፍ እንደ ብስኩት ይፈረፈራል። ጥጡ ከላይ ደህና መስሎ ከሥሩ መዳቡ ራቁቱን ይቀራል። ራቁት መዳብ የሻንሲውን ብረት የነካ ዕለት፣ በመንገዱ ላይ ፊውዝ ከሌለ፣ ሽቦው ራሱ ፊውዝ ይሆናል። ብዙ አሮጌ መኪና በእሳት የሚያልቀው በዚህ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፕላስቲክ የጎማንና የጥጥን ቦታ ወሰደ፤ እሱም የማይደርቅ አይደለም፣ ብቻ ይዘገያል።

ፍራንክፈርት በዚህ ታሪክ ውስጥ የትርኢት ከተማ ብቻ አይደለችም። በ1920ዎቹ መጨረሻ አዶልፍ ሺንድሊንግ ሁለት የፍጥነት መለኪያ ሠሪዎች ያዋሐደበት ፋው ዴ ኦ የተባለው ኩባንያ ያደገው እዚህ ነው። ፋብሪካው ቦከንሃይም በሚባለው ሰፈር ነበር። የጀርመን መኪኖች የፍጥነት፣ የነዳጅ፣ የሙቀት፣ የዘይት መለኪያ በብዛት የእሱ ሥራ ነው። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ለዓመታት የኖሩት ቮልስዋገኖች ሾፌር ፊት ለፊት ባለው ክብ ሰሌዳ ላይ፣ ከቁጥሮቹ ሥር በጥቃቅን የተጻፉት ሦስት የላቲን ፊደላት ከፍራንክፈርት የመጡ ናቸው። ብዙ አባወራ ለሃያ ዓመት በየቀኑ አይቷቸዋል፤ ምን እንደሆኑ ለመጠየቅ ግን ምክንያት አልነበረውም። ኩባንያው በ1991 ለማነስማን፣ ከዚያም ለሌሎች እየተሸጠ አለፈ። ስሙ አሁን የቀረው እንደ ንግድ ምልክት ነው።

ሌላው የፍራንክፈርት ስም አድለር ነው። ሃይንሪሽ ክላየር በ1880 የመሠረተው ይህ ድርጅት ብስክሌት፣ የጽሕፈት መኪና፣ በኋላም አውቶሞቢል ሠራ። በጦርነቱ ጊዜ ለጀርመን ሠራዊት የኋላው ሰንሰለት የሆነ ወታደራዊ ተሽከርካሪና ሞተር ያመርት ነበር። ከነሐሴ 1944 እስከ መጋቢት 1945 በዚያው ጋሉስ በሚባለው ሰፈር፣ በፋብሪካው ሕንፃ ውስጥ «ካትስባህ» የሚል ስም የተሰጠው የማጎሪያ ካምፕ ነበር። 1,600 ያህል እስረኞች፣ አብዛኞቹ ፖላንዳውያን፣ ብዙዎቹም ከዋርሶ አመፅ በኋላ የተጋዙ፣ እየተራቡ ሠርተውበታል። ከ500 የሚበልጡት ያለቁት እዚያው ፍራንክፈርት ውስጥ ነው። ከተማዋ ይህን የሚያስታውስ ቦታ የከፈተችው በ2022 ነው፤ ከሰባ ሰባት ዓመት በኋላ።

ይህ ስለ ሽቦ የሚወራበት ቦታ ላይ ለምን ይነሣል? አሮጌ ተሽከርካሪ የሚያድሱ ሰዎች ስለ እውነተኛነት አጥብቀው ስለሚጨነቁ ነው። የጀርመን ሕግ ሠላሳ ዓመት ለሞላውና በጥሩ ይዞታ፣ በቀድሞ መልኩ ለተጠበቀ ተሽከርካሪ ከ1997 ጀምሮ «ኤች» የሚል ፊደል ያለበት ልዩ ታርጋ ይሰጣል፤ ግብሩም በዓመት 191 ዩሮ ከ73 ሳንቲም የተቆረጠ ነው። ፈቃዱ የሚሰጠው ባለሙያ አይቶ ሲመሰክር ነው። ስለዚህ የጥጥ ሽፋኑ ቀለም ልክ መሆኑ፣ ማሰሪያው በዘመኑ ዓይነት መሆኑ ያከራክራል። በፌሽንሃይም፣ ከድሮ የእርሻ መሣሪያ ፋብሪካ በተለወጠው «ክላሲክሽታት» በተባለ ሕንፃ፣ አሮጌ መኪኖች በመስታወት ክፍል ውስጥ እንደ ጌጥ ተቀምጠው ይታያሉ። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን ሽቦው ምን ዓይነት ነበር የሚለው ጥያቄ ሽቦውን የዘረጋው ማን ነበር ከሚለው እጅግ ቀድሞ መልስ አግኝቷል፤ ከዚህ ይልቅ ተገላቢጦሹ በተሻለ ነበር።

አዲስ ጥቅል እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ የእጁን ጥያቄ ይበልጥ ያጎላዋል። በአንድ ትልቅ ጣውላ ላይ የጥቅሉ ሥዕል በሙሉ መጠኑ ይነሣል። ቅርንጫፍ በሚወጣበት ቦታ ሁሉ ምስማር ይመታል። ሠራተኛው እያንዳንዱን ሽቦ ለክቶ ይቆርጣል፣ በምስማሮቹ መካከል ይዘረጋል፣ ሁሉም ሲሟላ ከግንዱ ጀምሮ ያስራል፤ ከዚያ ጫፎቹን ልጦ ማያያዣ ያስገባል፣ በፒንሳ ጨምቆ ይይዛል። ከመቶ ዓመት በፊት እንዲህ ነበር፤ ዛሬም በአብዛኛው እንዲህ ነው። ሽቦ ይተጣጠፋል፣ ይንሸራተታል፣ ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት ሆኖ አይተኛም፤ ብረት የሚበይድ ሮቦት በቀላሉ የሚለምደው ሥራ አይደለም። ሩሲያ በየካቲት 2022 ዩክሬንን ስትወር የጀርመን መኪና ፋብሪካዎች በቀናት ውስጥ መቆም የጀመሩት ለዚህ ነው። ጥቅሎቻቸው በምዕራብ ዩክሬን፣ እንደ ሽትሪይና ኮሎሚያ ባሉ ከተሞች፣ በእጅ ይታሰሩ ነበር። ሞተርና ገላ በመጋዘን ተከምሮ፣ የሽቦ ጥቅል ባለመኖሩ መኪና አልወጣም። ጥቅሉ መጀመሪያ የሚገባ አካል ነውና ያለ እሱ ሌላው አይከተልም።

አሁን ወደ ኢትዮጵያ።

የጭነት መኪና በብዛት ወደ አገሪቱ የገባው በወራሪ እጅ ነው። በ1936 የጸደይ ወራት ባዶሊዮ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ሲገሠግስ ከ1,700 በላይ ተሽከርካሪ አሰልፎ ነበር። መርዝ ጋዙን የጫነም፣ ስንቅ የጫነም፣ መንገድ ሠሪ የጫነም ካሚዮን ነው። በ1933 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጣሊያን ሲወጣ መኪናው ቀረ፤ ከመኪናው ጋር ስሙ ቀረ። ዛሬ አንድ የአዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ጎማ፣ ቸርኬ፣ ካላማዳሪ፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ኮፈን፣ ስፖንዳ፣ ፓራውልት፣ ሞተሪኖ፣ ፍሬቻ የሚሉ ቃላት ሳይጠሩ አንድ ቀን አይውልም። የወራሪው ቋንቋ ከቢሮ፣ ከትምህርት ቤትና ከፍርድ ቤት ሲወጣ ከሻንሲው ሥር አልወጣም። ይህን አንዳንዱ እንደ ውርደት ያየዋል። እንዲያ ማየት ግን ቃላቱን በጦር የተጫኑብን አድርጎ መቁጠር ነው፤ የወሰዷቸው ግን መኪናውን ከተቃጠለበት ገደል አውጥተው ያስነሡት ሰዎች ናቸው።

በኋላም የጣሊያን መኪና በፈቃድ ተገዝቶ መጣ። ፊያት 682 በ1952 የተዋወቀ፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር የናፍጣ ካሚዮን ነው፤ ኤን 3 የተባለው ዓይነቱ በአፍሪካ መንገዶች ገነነ። ኢትዮጵያ ውስጥ «ኤንትሬ» ይሉታል፤ የጣሊያንኛው ሦስት ቁጥር ስም ሆኖ ቀረ። አዲስ አበባ ውስጥ በ1970 የተቋቋመው አምቼም ከዚሁ የፊያት ዝምድና የተወለደ ነው። የኤንትሬ ሹፌር ከአሰብ ጭኖ ሲነሣ ባሕር ጠለል ላይ ነው። የአፋርን በረሃ ያቋርጣል፤ ከዚያ በኮምቦልቻ አልፎ ደብረ ሲና ይደርስና ጣርማ በር ይወጣል፤ እዚያ ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። በአንድ ጉዞ ውስጥ ሽቦው ጎማን የሚያደርቅ ሙቀትና ፊት ለፊት የማያሳይ ጉም ያያል። ጣሊያኖች የወጉት ዋሻ ውስጥ ሲገባ ቀን ቢሆንም መብራት ይፈለጋል። በምድር ላይ የመኪና ሽቦን ለመፈተን የተመረጠ መንገድ ቢኖር ከዚህ ብዙ አይለይም።

እዚህ ላይ የቀለም ነገር ይመጣል። በጀርመን ሥርዓት ቡናማ ሽቦ ወደ ሻንሲው የሚመለሰው ነው፤ የባትሪው ኔጌቲቭ። ቀይ በቀጥታ ከባትሪ የሚመጣ ነው። ጥቁር ደግሞ ቁልፉ ሲዞር ኃይል የሚያገኘው ነው። በእንግሊዞቹ የሉካስ ሥርዓት ግን ቡናማ ከባትሪ በቀጥታ የሚመጣ፣ ሁልጊዜ ኃይል ያለበት ሽቦ ነው፤ ወደ ሻንሲው የሚመለሰው ጥቁሩ ነው። መርሴዲስ የለመደ ባለሙያ ላንድሮቨር ከፍቶ ቡናማውን ሽቦ እንደለመደው ከሻንሲው ጋር ቢያስር ባትሪውን በራሱ ላይ አዞረ ማለት ነው፤ ጭሱ ወዲያው ይነሣል። ላንድሮቨር የለመደ ደግሞ መርሴዲስ ላይ ጥቁሩን ቢያስር ቁልፉ እስኪዞር ምንም አይታየውም፤ ሲዞር ያየዋል። ይህ አልበቃ ብሎ እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ድረስ ብዙ የእንግሊዝ መኪኖች ሻንሲውን ያገናኙት ከባትሪው ፖዘቲቭ ጋር ነበር። አንድ ቀለም በሁለት አገር ሁለት ተቃራኒ ትርጉም አለው፤ በቋንቋ ቢሆን ሐሰተኛ ወዳጅ ይባላል። በቋንቋ ሐሰተኛ ወዳጅ ያሳስቃል፣ ቢበዛ ያሳፍራል። እዚህ መኪና ያቃጥላል።

እንግሊዝ፣ ጣሊያን፣ ጀርመን፣ ሩሲያና ጃፓን የሠሯቸው መኪኖች በአንድ ግቢ ውስጥ በሚታከሙበት አገር፣ ባለሙያው ቀለም ማመን አይችልም። የሚያምነው የመፈተሻ አምፖሉን ነው። ሌላው የሚያምነው ቁጥሩን ነው። ጀርመኖች ለእያንዳንዱ መገናኛ ቁጥር ሰጥተዋል፦ 30 ከባትሪ በቀጥታ፣ 15 ከቁልፉ በኋላ፣ 31 ወደ ሻንሲው፣ 50 ለሞተሪኖ፣ 54 ለፍሬን መብራት፣ 58 ለትንንሾቹ መብራቶች፣ 56 ሀ እና 56 ለ ለረጅሙና ለአጭሩ የፊት መብራት። ይህ ቁጥር ከጀርመን ወጥቶ የዓለም ሆነ። በየትኛውም ሱቅ የሚሸጥ ሪሌ ሲገለበጥ 30፣ 85፣ 86፣ 87 የሚል ያሳያል። መርካቶ ሱማሌ ተራ ውስጥ አሮጌ ሪሌ ከአቧራ ላይ አንሥቶ የሚገዛ ሰው ጀርመንኛ አንድ ቃል ሳያውቅ የጀርመን ሥርዓት ያነብባል። የንግግሩ ስሞች ጣሊያንኛ፣ አዳዲሶቹ ዕቃዎች እንግሊዝኛ፣ ቁጥሮቹ ጀርመንኛ ናቸው፤ ግሡ ግን ሁሌም አማርኛ ነው፤ ይቋጠራል፣ ይታሰራል፣ ይነድዳል፣ ይበራል።

ፍራንክፈርት ውስጥ ለአሮጌ መርሴዲስ ጥቅል የሚፈልግ ሰው ንድፉን ከአምራቹ መዝገብ ያገኛል፣ ወይም በልዩ ሙያተኛ ያሠራል። ኢትዮጵያ ውስጥ ንድፉ አሮጌው ጥቅል ራሱ ነው። ከመኪናው ሳይቆረጥ፣ ቅርንጫፉ ሳይበተን ይወጣና መሬት ላይ ይነጠፋል። አዲሱ ሽቦ በላዩ ላይ እየተለካ ይዘረጋል። አሮጌው መኪናው ተነሥቶ እስኪሄድ አይጣልም፤ የጣለ ሰው መጽሐፉን ሳይጨርስ ያቃጠለ ነው። እዚህ ላይ የሚመጣው ችግር የብራና ጽሑፍ ለሚያጠና ሰው አዲስ አይደለም። ከባለሙያው በፊት ሌላ ባለሙያ ነበር፤ ከእሱም በፊት ሌላ። ቀይ ሽቦ ሲጠፋ በአረንጓዴ ተክተዋል፤ ፊውዙን በመዳብ ክር አልፈውታል፤ በረሃ ላይ ለአንድ ሌሊት ተብሎ የተደረገ መዝለያ አሥር ዓመት ኖሯል። የሚገለብጥ ሰው የትኛው የመጀመሪያው፣ የትኛው የኋለኛ እጅ እንደሆነ መለየት አለበት። ካልለየ ስሕተቱን በአዲስ መዳብ ጽፎ ያስቀምጠዋል። ልዩነቱ፣ ቁም ጸሐፊ የሚያመሳክረው ሌላ ቅጂ ይኖረዋል፤ ባለሙያው ብዙ ጊዜ የለውም። ከጀርመን የታዘዘ ጥቅል እንኳ ላይመጥን ይችላል። የዚያ ዘመን የጣሊያን ከባድ መኪኖች የተራራ መንገድ ጠርዝ እንዲታያቸው መሪያቸው በቀኝ ነበርና፣ ለግራ መሪ የተቆረጠ ጥቅል ግማሹ ያጥራል፣ ግማሹ ይተርፋል።

ይህ ሁሉ ዕውቀት በቃል ነው ያለው። ይህን ሲያስቡ ፍራንክፈርት ውስጥ የኖረ አንድ ሰው ይታወሳል። ሂዮብ ሉዶልፍ የኢትዮጵያ ጥናት አባት የሚባለው፣ ከ1670ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በዚህች ከተማ ኖሮ በ1704 እዚሁ ያረፈ ሊቅ ነው። የኢትዮጵያን ታሪክ የጻፈበት መጽሐፍ በ1681፣ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላቱ በ1698 በፍራንክፈርት ታትመዋል። ኢትዮጵያን አላያትም። አማርኛውን ያገኘው በ1649 ሮም ላይ ከተገናኙትና በኋላ ጎታ ድረስ መጥተው ካስተማሩት፣ የመካነ ሥላሴው ሰው ከአባ ጎርጎርዮስ አፍ ነው። አባ ጎርጎርዮስ ወደ አገራቸው ሲመለሱ በ1658 በመርከብ አደጋ ሞቱ። ጥያቄና መልሱ ከዚያ በፊት ባይደረግ ኖሮ ያ መዝገበ ቃላት አይኖርም ነበር፤ የአንድ ሰው ሞት አንድ መጽሐፍ ይዞ ይሄድ ነበር። ሉዶልፍ የጠየቀው ስለ ቤተ ክርስቲያን፣ ስለ መንግሥት፣ ስለ እንስሳትና ስለ ምግብ ጭምር ነው፤ የዕለት ኑሮ ቃል አልናቀም። የአማርኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች ከዚያ ወዲህ ብዙ ሠርተዋል፣ የጋራዡ በር ላይ ሲደርሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቆመዋል። የእርሻ ዕቃ ስሞች ተሰብስበዋል፤ የሸማኔም ተሰብስበዋል። የኤንትሬን ሽቦ በቃሉ የሚያውቀው ሰው ግን አርጅቷል፤ መኪናውም አብሮት እያረጀ ነው።

ስለዚህ ጥቅል በጽሑፍ ቢቀር የሚጠቅም አንድ ምሳሌ ተሳቢው ነው። በጀርመን ካሚዮን ውስጥ ቡናማ ወደ ሻንሲው የሚመለሰው ሽቦ ነው ተብሏል። ኃይሉ ተሳቢውን ሊያበራ ሰባት ቀዳዳ ባለው ሶኬት ሲወጣ ግን ደንቡ ይለወጣል፦ ወደ ሻንሲው የሚመለሰው ነጭ ይሆናል፤ ቡናማው የቀኝ የኋላ ትንሽ መብራት ነው፤ ጥቁሩ የግራው፤ ቢጫው የግራ ፍሬቻ፤ አረንጓዴው የቀኝ፤ ቀዩ የፍሬን። አንድ መኪና ውስጥ፣ በአንድ አገር ደንብ፣ ሁለት ሜትር በማይሞላ ርቀት ቀለሙ ትርጉሙን ቀየረ። ይህን ያልነገሩት ሰው የፊተኛውን ደንብ ተከትሎ ቡናማውን ከቡናማው ቢያገናኝ ተሳቢው መመለሻ ያጣል። ኤሌክትሪክ ግን መንገድ ከማጣት በሌላ አምፖል ዞሮ መመለስ ይመርጣል። ፍሬን ሲረገጥ የፍሬቻው አምፖል በደካማው ይቀላል፤ ፍሬቻ ሲሰጥ ሁሉም ብልጭ ድርግም ይላል። በቀን ያስቃል። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና በጉም ሲወረድ፣ ከኋላ የሚመጣው ሾፌር የሚያየው ነገር ቢኖር ያ ቀይ መብራት ብቻ ነው። ደካማ ከሆነ ጎማ ለጎማ እስኪደርስ አያየውም።

ጀርመን ዕድሜን በኤች ታርጋ ስትሸልም፣ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣችው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያረጀ መኪና ማስገባትን በከባድ ቀረጥ አዳግታለች። በ2024 ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ አግዳለች። ሁለቱም ምክንያት አላቸው፤ በውጭ ምንዛሪ ነዳጅ የሚገዛ አገር ስለ ጥጥ የለበሰ ሽቦ ውበት ሊያስብ አይገደድም። አሁን ወደ አዲስ አበባ ጋራዦች የሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ከሥራቸው ብርቱካናማ ሽቦ ይታያል። ብርቱካናማ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት አለበት ማለት ነው፤ በላውፈንና በፍራንክፈርት መካከል የሠራው ብልሃት መኪና ውስጥ ገባ። በመፈተሻ አምፖል አይነካም፣ በፒንሳም አይቆረጥም፤ ልዩ ጓንትና ልዩ ትምህርት ይጠይቃል። ያን ትምህርት በአማርኛ ማን እንደሚጽፈው ገና አልታየም። ከዳሽቦርዱ ሥር ያለው የ12 ቮልት ጥቅል ግን አለ፤ ለመብራት፣ ለክላክስ፣ ለመጥረጊያ። ሪሌው ከቻይና ነው። ሲገለበጥ 30፣ 85፣ 86፣ 87 ይላል።